ካንዴላውን ሳታዩ አትግፉ

ሞተር ሳይክል በብርድ ማለዳ አልነሳ ሲል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፦ ደጋግሞ ይረግጠዋል፣ ይቆጣዋል፣ ወይም ቁልቁለት ላይ አውጥቶ ይገፋዋል። ሦስቱም ድካም ናቸው እንጂ ምርመራ አይደሉም። በቀዘቀዘ ትዳር ላይ የምናደርገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም በአንድነት ላወጋችሁ ወድጃለሁ። ስለ ሞተሩ የማነሳው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። በየገጠሩ በሞተር ሳይክል እየዞሩ የሚያገለግሉ ወንጌላውያንና ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ቆመው የሚሸኟቸው ሚስቶች ይህን መጽሔት ያነባሉ፤ እነርሱ ሁለቱም ትምህርት ይጠቅማቸዋል።

ባለቤቴ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም ሁለት አጥቢያዎችን ያገለገለው በአንድ አሮጌ ያማሃ ነበር። አንደኛዋ አጥቢያ እዚሁ አራዳ ውስጥ ስትሆን ሁለተኛዋ ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ መንገድ ላይ ነበረች። ሞተሩ ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል፣ በእግር ተረግጦ የሚነሳ ዓይነት ነው። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ በኪራይ ቤት ነበር። የንጋት ጸሎት በ11 ሰዓት ተኩል ይጀመራል። ሞተሩ ካልተነሳ የሱሉልታ ምእመናን በዚያ ውርጭ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የጸሎት ቤቱ ቁልፍ በእርሱ እጅ ነውና። በሌሊት የታመመ ሰው ሲጠራን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል።

ብርዱና ከፍታው

ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም። የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። የካርቡሬተር ሥራም ይኸው ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ በሚያልፈው አየር ላይ ይረጨዋል። ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ግን ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ከተረጨው ቤንዚን ብዙው ሳይተን ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደሚነድበት ቦታ በእንፋሎትነት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ቤንዚኑን ከአየሩ ያበዛዋል፤ ከብዙው ውስጥ ጥቂቱ ቢተን ለመነሻ ይበቃልና።

በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በከተማችን ላይ ግን ሌላም ነገር አለ። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እኛ ሴቶች ይህን በድስታችን እናውቀዋለን። ውኃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላውና ሽምብራው ቆላ ከሚፈጀው ጊዜ የበለጠ ይፈጃል። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ካርቡሬተሩ የሚረጨው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። እንግዲህ ብርዱ “ጨምሩልኝ” ይላል፤ ከፍታው “ቀንሱልኝ” ይላል። ለባሕር ጠረፍ ተስተካክሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ቾኩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ደጋግሞ መርገጥ ለሌላ አገር ሞተር መፍትሔ ሲሆን ለእኛው ግን በቤንዚን ማጥለቅለቅ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ ተተርጉመው የሚመጡ የትዳር መጻሕፍትን ባነበብሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ብዙዎቹ መልካም ናቸው፤ እኔም አንብቤ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ነገር ግን የተስተካከሉት ለሌላ ከፍታ ነው። ባልና ሚስት በሳምንት አንድ ምሽት ብቻቸውን ምግብ ቤት እንዲሄዱ የሚመክር መጽሐፍ አማትና የእህት ልጅ፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ ዘመድና ሦስት ልጆች በሁለት ክፍል ቤት አብረው እንደሚኖሩ አያውቅም። ምክሩን መጣል አያስፈልግም፤ ለአየራችን ማስተካከል ግን ግድ ነው።

የቁልቁለቱ ውለታ

የፒያሳ ሰው ከመርገጥ የቀለለ መንገድ አለው። ሰፈሩ ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ጀምሮ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ይወርዳል፤ በሌላው ወገን መንገዱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ያሽቆለቁላል። ሞተሩን ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ቁልቁል መልቀቅ፣ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ በስፒንታ ይነሳል። ስፒንታ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን መግፋት ማለት ነው። ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ፒያሳ የሚለው የሰፈሩ ስም ጭምር ከዚያው ቋንቋ የቀሩልን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገራችንን ይዞ ከቆየ በኋላ ሲሄድ የጋራዥ ቋንቋውን ትቶልን ሄዷል።

ስፒንታ ውለታው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አደጋ አለው፤ በሽታውን ይደብቃል። ቁልቁለት ያለው ሰው ሞተሩ መታመሙን ሳያውቅ ወራት ይቆያል። ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ሲቆምበት ግን የሚገፋው አያገኝም።

በቁልቁለት ብቻ የሚነሱ ትዳሮች አሉ፤ በአገልግሎታችን ብዙ አይተናል። እንግዳ ሲመጣ ይሳሳቃሉ። እሑድ ማለዳ ልጆቹን አስውበው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኮንፈረንስ ሲኖር ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ሲኖር አብረው ይሮጣሉ። የጉባኤው ግፊት ሲያልቅና ማክሰኞ ሲመጣ ግን ቤቱ ዝም ይላል። አንዲት እህት “እኛን እኮ ሰው ካልገፋን አንነሳም” ብላኛለች። ኮንፈረንሱን አልነቅፍም፤ በእውነት ያስነሳልና። ነገር ግን በየሦስት ወሩ መገፋት የሚያስፈልገው ትዳር ካለ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ “ለምን በራሱ አይነሳም?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ካንዴላው ምን ይላል?

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ሞተራችን በተከታታይ አልነሳ ሲል ከባለቤቴ ጋር ሆነን ወደ ሰባራ ባቡር አካባቢ ገፍተን ወሰድነው። በዚያ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ነበሩ። ባለቤቴ የሆነውን ሲያስረዳ በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ ሞተሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይረግጡ የካንዴላ መፍቻቸውን አነሡ። እኔ ደግሞ “ጋሼ፣ መጀመሪያ ለማስነሳት አይሞክሩትም?” አልኋቸው። “ልጄ፣” አሉኝ ካንዴላውን እየፈቱ፣ “እግር አይመረምርም። የሚመረምረው ዓይን ነው። ካንዴላው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ያያል፤ እሱን ነው የምጠይቀው።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካንዴላ ማየት ተማርሁ። የሚነግረን ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦

ደረቅ ከሆነ

ደጋግሞ ከተረገጠ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ከሆነና የቤንዚን ሽታ ከሌለው ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። ያን ጊዜ እሳቱን መመርመር ጊዜ ማጥፋት ነው። ቤንዚን አለ? መክፈቻው ተከፍቷል? የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል? በካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ማፍሰሻ ብሎን ስትላላ ቤንዚን ይወርዳል ወይስ ውኃ ይወጣል? ውኃ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። በክረምት ይገባል፤ ግማሽ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥም ጤዛ ይሠራል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ይደባለቅ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖል ደግሞ ውኃ ይስባል። ቤንዚን ለወራት ከቆየም ሙጫ ይሆናል፤ ሙጫው ቀድሞ የሚደፍነው ለማስነሻና ለዝቅተኛ ዙር የተሠሩትን፣ ስፋታቸው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላውን ቀዳዳዎች ነው። እነዚህን በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ በቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይሻላል።

ደረቅ ትዳር ላይ ጠብ የለም። ጥፋተኛ ብትፈልጉም አታገኙም። ፍቅሩም አልጠፋም፤ አልደረሰም እንጂ። እኔና ባለቤቴ በ2004 ዓ.ም እንዲህ ያለ ወቅት አልፎብናል። እርሱ ሌሊት በ10 ሰዓት ይነሳል፤ ማታ በ3 ሰዓት ይገባል። ሁለት ሕፃናት ነበሩን። ንግግራችን ስለ ቁልፍ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ማን እንደሞተ ብቻ ሆነ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የቤተ ክርስቲያን እናት ሊጠይቁን መጥተው ቡና ሲጠጡ ሁለታችንንም በተራ ካዩን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ “እናንተ ልጆች፣ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?” ስለ ጸሎታችን አልጠየቁም፤ ስለ ይቅርታም አልሰበኩንም። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረበ፤ ሰኞ ዕረፍት እንዲሆንለት ወሰኑ። የመጀመሪያውን ሰኞ ሁለታችንም ተኝተን ዋልን። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ቁርስ ስንበላ ሳንጣደፍ ማውራት ጀመርን፤ እኩለ ቀን ሆነ።

እግዚአብሔር ኤልያስን ያከመበትን መንገድ ተመልከቱ (1ኛ ነገሥት 19)። ነቢዩ መሞት እስኪመኝ ድረስ ደርቆ ነበር። ጌታ ግን ወዲያው አልገሠጸውም፤ እንዲተኛ ተወው፣ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ እንደገና ተኛ፣ እንደገና በላ። በዚያ ለምን እንደመጣ የጠየቀው ከረጅሙ መንገድ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ለደረቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ተግሣጽ ሳይሆን እንጀራ ነው።

እርጥብ ከሆነ

ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከወጣ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ቤንዚን ከሚገባው በላይ ደርሷል። አሁን ቾክ መጨመርና መርገጥ ይበልጥ ያሰጥመዋል። የሚሻለው ቤንዚኑን መዝጋት፣ ቾኩን መመለስ፣ ካንዴላውን ማድረቅ፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጥቂት ጊዜ መርገጥ ነው። አየር እንዲገባ፣ የታፈነው እንዲወጣ። አንዳንዴም ዝም ብሎ ሩብ ሰዓት መጠበቅ።

አንድ ባልና ሚስትን አስታውሳለሁ። ለመለያየት ተቃርበው ነበር። ሚስቲቱ በአምስተኛ ወሯ ፅንስ ወርዶባት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከባሏ ጋር መነጋገር አቆመች። ሰው ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አንዱ ሌላ ልጅ ጌታ ይሰጥሻል አለ፤ ሌላው ሐዘን ማብዛት እምነት ማጣት ነው አለ፤ ሦስተኛው ባልሽን እንዳታጪው ተጠንቀቂ አለ። ባሏም ከጭንቀቱ የተነሳ ጥቅስ እየጻፈ በትራሷ ሥር ያኖርላት ነበር። ሁሉም ቤንዚን ነው፤ መልካም ቤንዚን። ይሁን እንጂ እርሷ ሞልታ ነበር። “ቀዝቃዛ ሴት” የሚለው ወሬ መናፈስ ሲጀምር ባለቤቴ ባልየውን ብቻውን አግኝቶ አንድ ነገር ለመነው፦ ለአንድ ወር ምንም እንዳይመክራት፣ ምሽት ምሽት አጠገቧ እንዲቀመጥ፣ ብታወራ እንዲሰማ፣ ባታወራ ዝም እንዲል። በሦስተኛው ሳምንት ስለ ፅንሱ መናገር ጀመረች፤ ስሙን ምን ልትለው አስባ እንደነበረ ነገረችው። እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ባሏ ያላዘነ መስሏት ኖሯል! ዛሬ አብረው አሉ።

የኢዮብ ወዳጆች በኋላ በንግግራቸው ተነቅፈዋል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ማለታቸውን አንርሳ (ኢዮብ 2፥13)። ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር።

ጥቁር ከሆነ

ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ከወጣ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲበዛበት ኖሯል። አየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል፤ በቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱ በዝቶ ይሆናል፤ ወይም ቾኩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሳይመለስ ቀርቷል። ቾክ የማስነሻ እንጂ የመሄጃ አይደለም። ማለዳ ያዳነን ነገር ቀኑን ሙሉ ሲቆይ ሞተሩን ያፍነዋል።

በትዳርም “ለጊዜው” ብለን የጀመርናቸው ነገሮች አሉ። ለጊዜው ገንዘባችንን ለየብቻ እንያዝ፤ ለጊዜው እርሷ ከልጆቹ ጋር ትተኛ፤ ለጊዜው ይህን ጉዳይ ባናነሳው ይሻላል። በችግሩ ቀን ጥበብ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጥላሸት ይሆናል። ባልና ሚስት በየጊዜው ተቀምጠው “ለጊዜው ብለን ጀምረን ያልመለስነው ምን አለ?” ቢባባሉ ብዙ ቤት ይተነፍሳል።

ብልጭታው ከሌለ

ቤንዚኑ ደርሶ ካልነሳ ካንዴላው ብልጭታ ይስጥ አይስጥ ይታያል። ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ ብረቱ የሞተሩን አካል እንዲነካ ይደረግና ሞተሩ ይረገጣል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ቤንዚን በፈሰሰበትና በተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ አጠገብ ብልጭታ መሞከር እሳት ያስነሳል። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ከተዘጋ ብልጭታ የለም፤ ከሰፋም የለም።

ይህን ክፍተት እወደዋለሁ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው በጌታ ፊት ብቻቸውን የሚቆሙበት ጥቂት ስፍራ ያስፈልጋቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ባልና ሚስት ለጸሎት የሚለያዩበትን ጊዜ ሲያነሣ በስምምነትና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሆን አድርጎ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5)። ክፍተቱ አለ፤ ልኩ ግን ጠባብ ነው።

ረገጣው ከቀለለ

የእግር ማስነሻው ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ ታች ከወረደ ጉዳዩ የብርድ አይደለም። ፋሻው አልቋል፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተበልቷል፣ ወይም በአራት ምት ሞተር ቫልቮቹ በደንብ አይገጥሙም። ካርቡሬተር ማጽዳት አያድነውም፤ ሞተሩ ሊከፈት ነው።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ በቤታችሁ ዱላ ካለ የምንነጋገረው ስለ ቀዘቀዘ ማለዳ አይደለም። የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ እሳት እንደማይሞከር ሁሉ፣ የምትደበደብ ሴት “ታገሺ፣ ጸልዪ” ተብላ ወደዚያው ቤት ብቻዋን አትመለስም። መጀመሪያ ነፍሷንና ልጆቿን ማትረፍ ይቀድማል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ መኖር የታከተው ሰውም፣ ከወሊድ በኋላ ጨለማ የወረደባት እናትም ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ከእምነት መጉደል አይደለም። ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ስም አይጣበቅ

ያን ቀን ሞተሩን ገፍተን የወሰድንበት ሰፈር ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። እንደሚባለው ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ተበላሽቶ የቆመው በዚያ ስለሆነ ሰፈሩ ሰባራ ባቡር ተባለ። ማሽኑ ከስፍራው ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ ስሙ ግን አለ። እኛ የኖርንበት ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪው ወደተለያየ ስፍራ ተዛውሯል፤ የሰው አፍ ላይ ግን ያው ዶሮ ማነቂያ ነው። ስም ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ አለው።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። አንድ ማለዳ ያልተነሳውን ሰው “ሰባራ” ብለን ከሰየምነው፣ ጌታ ከጠገነው በኋላ እንኳ ስሙ አይለቀውም። “እርሱ እኮ ስሜት የለውም።” “እርሷ ድሮም ኩርፊያ ትወዳለች።” እነዚህ ምርመራዎች አይደሉም፤ ስሞች ናቸው። መካኒኩ ካንዴላውን አይተው “ይህ ሞተር መጥፎ ነው” አላሉም፤ “ቤንዚን አልደረሰውም” አሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው መፍትሔ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ቀጥለውም የካርቡሬተሩን ሥር ፈትተው ዝገት የቀላቀለ ውኃ አሳዩን። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ሳይሞቅ አትጋልቡት

ሞተር ከተነሳ በኋላም ወዲያው መጋለብ አይገባም። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ ቾኩ ቀስ በቀስ ይመለስ። ብዙ ሰው ሞተሩ ስለተነሳለት ደስ ብሎት ይፈተለካል፤ መታጠፊያው ላይ ይጠፋበታል።

ጌታ ኢየሱስ ከትንሣኤው በኋላ ጴጥሮስን ያገኘው በማለዳ ነበር። ጴጥሮስ በብርዱ ሌሊት በፍም እሳት ዳር ሲሞቅ ጌታውን ክዶ ነበር (ዮሐንስ 18፥18)። አሁን በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ ጌታ ራሱ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው (ዮሐንስ 21፥9)። የክህደቱን ነገር የሚነካውን ጥያቄ ያነሣው ከበሉ በኋላ ነው። እኛ ብንሆን ከመረቡ ሳይወርድ እንጀምርለት ነበር! ከባድ ንግግር የሚገባው ሰው ከበላና ከሞቀ በኋላ ነው። ጠዋት በጥድፊያ ደጅ ላይ ቆሞ፣ አንድ እግር በጫማ አንድ እግር ባዶ ሆኖ፣ የዓመት ቅሬታ አይነሣም።

በ2011 ዓ.ም ክረምት የከተማው አስተዳደር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲገድብ ያማሃችን ገጠር ለሚያገለግል ወንጌላዊ ተሰጠ። ከሞተሩ ጋር የሚከተለውን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፌ ለሚስቱ ላክሁላት። ለእናንተም ይጠቅማል፦

1. ቤንዚን መኖሩን፣ መክፈቻው መከፈቱንና የማጥፊያው ቁልፍ መመለሱን እዩ።
2. በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ቾኩ የሚሠራው የነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሲረገጥ ነው። ስለዚህ ቾክ ከፍታችሁ እጀታውን አትጠምዝዙ።
3. አምስት ስድስት ጊዜ ተረግጦ ካልተነሳ አቁሙ። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ።
4. ደረቅ ከሆነ የቤንዚኑን መንገድ ተከተሉ፤ እርጥብ ከሆነ አድርቁና አየር ስጡት፤ ጥቁር ከሆነ አጽዱና ማጣሪያውን እዩ።
5. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ከነካካችሁ የዳነው በምን እንደሆነ አታውቁም።
6. በስፒንታ ከተነሳ ጌታን አመስግኑ፤ ማታ ስትመለሱ ግን ካንዴላውን እዩ።

ለባልና ሚስት መወያያ

በዚህ ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ። አንዱ ሲመልስ ሌላው አያቋርጥ፤ ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደሆነ ጠቢቡ አስተምሮናል (ምሳሌ 18፥13)።

የእኛ ማለዳ የሚከብደው ስለደረቅን ነው ወይስ ስለታፈንን? ከእኔ የምትፈልጊው፣ ከእኔ የምትፈልገው፣ እንድጨምር ነው ወይስ እንዳቆም? “ለጊዜው” ብለን ትተን የረሳነው ምን አለ? እኔ አንቺን፣ እኔ አንተን የምጠራበት፣ አሁን ሊለቅ የሚገባው ስም አለ?

መልሱ ቶሎ ካልመጣ አትደንግጡ። የሰው ልብ ጥልቅ ውኃ ነው፤ የሚቀዳውም በዝግታ ነው። ልብን መርምሮ የሚያውቅ ጌታ ሁለታችሁንም በምሕረቱ ይመልከታችሁ፤ እናንተም እርስ በርሳችሁ በዚያው ዓይን ለመተያየት ጸጋውን ያብዛላችሁ።